ጋፋት፤ ቋንቋው ጠፍቶ ስሙ የቀረ
(ስለ ጠፉ ቋንቋዎች የቃላት አመዘጋገብና ስያሜ)

ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ፣ በደኑ የታወቀው ጣራ ገዳም ይገኛል። ከዚያው ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ደግሞ ደጋውን ወጥቶ ደብረ ታቦር ይደርሳል። ከደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት የምትባል ሥፍራ አለች። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሆነ ሰው እነዚህን ሦስት የቦታ ስሞች በተራ ቢመረምር፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙም አያስቸግሩትም። «ጣራ»ም «ገዳም»ም አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው፤ ሁለተኛውም ከግዕዝ የመጣ ነው። «ደብረ ታቦር» በመጽሐፍ ቅዱስ ከሚታወቀው ተራራ የተወሰደ ስም ነው። ሦስተኛው ግን የተለየ ነው። «ጋፋት»ን «ገፋ» ከሚለው የአማርኛ ግስ ጋር ማያያዝ ለጆሮ ይቀላል፤ ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የቃልን ምንጭ አያስረዳም። ጋፋት ከሁሉ አስቀድሞ የአንድ ሕዝብና የአንድ ቋንቋ ስም ነው። ሕዝቡ ከጎረቤቶቹ ጋር ተዋሕዷል፤ ቋንቋውም ዛሬ የሚናገረው የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ አንድ ቋንቋ ከአፍ ከጠፋ በኋላ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለተርጓሚ ምን እንደሚተርፍለት፣ የተረፈውንም በምን ጥንቃቄ መያዝ እንዳለበት በጋፋት ምሳሌነት ማስረዳት ነው። ለማነጻጸሪያ ይሆን ዘንድም በሰሜን ኤውሮፓ፣ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ይኖሩ የነበሩት የጥንት ነገዶች ታሪክ በአጭሩ ይቀርባል።

1. ጋፋት እንደ ሕዝብና እንደ ቋንቋ

የጋፋት ሕዝብ ቀድሞ ከዓባይ ወንዝ በስተደቡብ ይኖር ነበር። ከ16ኛው ምእት ዓመት ወዲህ የኦሮሞ ሕዝብ በመስፋፋቱ ምክንያት አብዛኛው ክፍል ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም፣ በተለይም በዳሞት አካባቢ ተቀመጠ። በዚያም ከአማራውና ከአገው ጎረቤቶቹ ጋር እየተጋባና እየተደባለቀ በመሄዱ ቋንቋውን ቀስ በቀስ ለአማርኛ ለቀቀ። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1988 የኢትዮጵያ ሕዝቦች እርስ በርስ የተዋሐዱበትን ሂደት ሲመረምሩ፣ አንዱን ጥናታቸውን በጋፋት፣ ሌላውን በአገው ላይ ያደረጉት ሁለቱ ሕዝቦች ለዚህ ሂደት ዋነኛ ምሳሌዎች በመሆናቸው ነው።

ቋንቋውን በሚመለከት ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አንድ ስሕተት አለ፤ ይኸውም ጋፋትን የአማርኛ ዘዬ አድርጎ መቁጠር ነው። ጋፋት እንደ አማርኛ ሁሉ ከደቡብ የኢትዮጵያ ሴማውያን ቋንቋዎች የሚመደብ ቢሆንም፣ ዝምድናው የቀረበ አይደለም። ሮበርት ሄትስሮን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት የምደባ ጥናት መሠረት አማርኛ ከአርጎብኛ፣ ከሐረሪና ከምሥራቅ ጉራጌ ቋንቋዎች ጋር በአንድ ወገን ሲመደብ፣ ጋፋት ደግሞ ከክስታኔ (ሶዶ) እና ከጎጎት ጋር በሌላው ወገን ይመደባል። እነዚህ የጋፋት የቅርብ ዘመዶች የሚነገሩት ከጎጃም ርቆ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ባለው አገር ነው። በመካከል ያለውን ሰፊ ምድር ለሚያስተውል ሰው፣ ይህ የቋንቋ ዝምድና ሕዝቡ ከደቡብ መምጣቱን የሚናገረውን ታሪክ ይደግፋል። እንግዲህ ቋንቋው የታሪክ ምስክር ሊሆን የቻለው በጽሑፍ የቀረ ነገር ስለ ተገኘ ብቻ ነው።

2. ቋንቋው በጽሑፍ የቀረበት ሁኔታ

እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቆዩት ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፣ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን በአገሩ ቋንቋዎች እንዲተረጐም አድርገው ነበር። ከተተረጐመባቸውም ቋንቋዎች አንዱ ጋፋት ነው። በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ይህ ትርጕም ከሌሎች የብሩስ የብራና መጻሕፍት ጋር በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም የቆዩት እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ የጋፋትን ቃላት ከሌሎች ቋንቋዎች ቃላት ጋር ሰብስበው በ1845 አሳተሙ።

ከዚህ በኋላ ሥራው የዎልፍ ሌስላው ሆነ። ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1945 በብሩስ ጽሑፍ ላይ የተመሠረተውን ጥናታቸውን አሳተሙ። ይህን ሲጽፉ ቋንቋው ጨርሶ ጠፍቷል የሚል አስተያየት ሰፍኖ ነበር። ነገር ግን በ1947 ወደ ጎጃም ወርደው በብዙ ፍለጋ ቋንቋውን የሚናገሩ አራት ሰዎች አገኙ። ከነዚህም ሰዎች አፍ የሰበሰቡትን መሠረት አድርገው በ1956 የጋፋትን ሰዋስው ከሌሎች የኢትዮጵያ ሴማውያን ቋንቋዎች ጋር የሚያነጻጽር መጽሐፍ በፈረንሳይኛ በፓሪስ አሳተሙ።

በዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ዛሬ ስለ ጋፋት የግስ ርባታ፣ ስለ ድምፆቹና ስለ ቃላቱ የምናውቀው፣ አንድ ተጓዥ ባስተረጐሙት አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል፣ በአንድ የቃላት ዝርዝርና በአራት ሰዎች ትዝታ ላይ የቆመ ነው። የሌስላው ጉዞ በጥቂት ዓመታት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ፣ ከሦስቱ ምንጮች በጣም አስተማማኙ፣ የተናጋሪው አንደበት፣ አይገኝም ነበር።

3. ከባልቲክ ነገዶች ታሪክ የሚገኝ ማነጻጸሪያ

በባልቲክ ባሕር ምሥራቃዊና ደቡብ ምሥራቃዊ ዳርቻ ይኖሩ የነበሩት ነገዶች በጽሑፍ መታወቅ የጀመሩት በሮማውያን ዘመን ነው። ታኪቱስ በ98 ዓመተ ምሕረት ገደማ «አይስቲ» ስለሚላቸው፣ ከባሕሩ ዳር ዐንበር የተባለውን የዛፍ ሙጫ ድንጋይ ስለሚለቅሙ ሕዝቦች ጽፏል። በጥሎሜዎስም በሁለተኛው ምእት ዓመት ጋሊንዶችንና ሱዲኖችን በስም ይጠቅሳል። በመካከለኛው ዘመን ፕሩሶች፣ ያትቪንጎች፣ ኩሮች፣ ዜምጋሎች፣ ሴሎች፣ ላትጋሎች፣ ዠማይቶች፣ አውክሽታይቶችና ሌሎችም በየስማቸው ተለይተው ይታወቁ ነበር። ከነዚህ ሁሉ መካከል ቋንቋቸው እስከ ዛሬ የሚነገር ሁለት ሕዝቦች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ሊትዌንያውያንና ላትቪያውያን ናቸው።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው የፕሩሶች ታሪክ ነው። ምድራቸውን በ13ኛው ምእት ዓመት የጀርመን የመስቀል ጦረኞች ማኅበር ያዘው፤ ተደጋጋሚ ዐመፅ ካደረጉም በኋላ በ1283 ጨርሰው ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሰፋሪዎች በመካከላቸው እየበዙ ሄዱ። በ1701 በዚሁ ምድር ላይ «የፕሩስያ መንግሥት» የተባለ የጀርመኖች መንግሥት ዘውድ ደፋ። በ18ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ግን፣ በ1709 እና በ1711 መካከል አገሩን ያጠፋው ወረርሽኝ ተጨምሮበት፣ ጥንታዊው የፕሩስ ቋንቋ ከአፍ ጠፋ። እንዲህ ሆኖ ስሙ በዓለም እየገነነ በሄደበት ዘመን የስሙ ባለቤት የሆነው ቋንቋ ሞተ።

ከፕሩስ ቋንቋ የቀረው ጽሑፍ ጥቂት ነው። በ1400 ገደማ የተገለበጠና የኤልቢንግ የቃላት መጽሐፍ የሚባል፣ 802 ቃላት ያሉት የጀርመንኛና የፕሩስ ዝርዝር አለ። ከእርሱም በተጨማሪ በ16ኛው ምእት ዓመት ሲሞን ግሩናው የጻፉት አንድ መቶ ያህል ቃል፣ በ1545 የታተሙ ሁለት የሃይማኖት ማስተማሪያ መጻሕፍትና በ1561 የታተመ ሦስተኛ ይገኛሉ። በአንጻሩ ሊትዌንኛ ከ1941 እስከ 2002 ድረስ በ20 ጥራዝ የታተመ መዝገበ ቃላት አለው። ላትቪያውያንም ክሪሽያኒስ ባሮንስ ከ1894 እስከ 1915 ባሳተሟቸው ስድስት ጥራዞች ውስጥ ከ200,000 በላይ የሕዝብ ዘፈኖች ተሰብስበውላቸዋል። በሕይወት በቀረና በጠፋ ቋንቋ መካከል ያለው የሀብት ልዩነት ከዚህ የበለጠ አይገለጽም።

የቋንቋዎቹን ዝምድና በጥቂት ቃላት ማሳየት ይቻላል። ወንዝ በፕሩስ «አፔ»፣ በሊትዌንኛና በላትቪኛ «ኡፔ» ይባላል። ሐይቅ በፕሩስ «አሳራን»፣ በሊትዌንኛ «ኤዤራስ»፣ በላትቪኛ «ኤዜርስ» ነው። እግዚአብሔር በፕሩስ «ዴይዊስ»፣ በሊትዌንኛ «ዲየቫስ»፣ በላትቪኛ «ዲየቭስ» ነው። ዳቦ ግን በፕሩስ «ጌይትዬ»፣ በሊትዌንኛ «ዱዎና»፣ በላትቪኛ «ማይዜ» በመባሉ ሦስቱም ተለያይተዋል። ስለዚህ የቋንቋ ሊቃውንት ፕሩስን የሊትዌንኛ ዘዬ ሳይሆን የባልቲክ ቋንቋዎች የምዕራብ ቅርንጫፍ አድርገው ይመድቡታል። ጋፋትም የአማርኛ ዘዬ አለመሆኑ የሚታወቀው በዚሁ ዓይነት የማነጻጸር ዘዴ ነው።

4. የሰብሳቢው ምርጫ በቃላት ላይ ያለው ሥልጣን

የጠፋ ቋንቋ ቃላት ወደ እኛ የሚደርሱት ሰብሳቢው በፈለገው መጠን ብቻ ነው። የኤልቢንግ የቃላት መጽሐፍ በርእስ በርእሱ የተከፋፈለ ሆኖ በእግዚአብሔር ስም ይጀምራል፤ ሰማይን፣ ምድርን፣ የሰው አካልን፣ ቤትን፣ መሣሪያን፣ እንስሳትንና ዛፎችን ይዘረዝራል። ዝርዝሩ የስሞች ስለ ሆነ ግሱ እንዴት እንደሚረባ ከእርሱ መማር አይቻልም። የሃይማኖት ማስተማሪያዎቹ በተቃራኒው ዐረፍተ ነገር ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ከጀርመንኛ ቃል በቃል የተተረጐሙ በመሆናቸው የቃላቱ ቅደም ተከተል የፕሩስ ነው ወይስ የጀርመንኛ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል።

የጋፋትም ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። መኃልየ መኃልይ ስምንት ምዕራፍ ያለው የፍቅር ቅኔ ነው። በውስጡ የወይን ቦታ፣ ሽቱ፣ ርግብ፣ ሚዳቋ፣ የሰውነት ክፍሎች ይነገራሉ። የዳሞት ገበሬ ስለ ሞፈርና ቀንበር፣ ስለ ዕድርና ዳኝነት፣ ስለ ለቅሶና ሠርግ ይናገርባቸው የነበሩት ቃላት ግን በንጉሥ ሰሎሞን መዝሙር ውስጥ ቦታ የላቸውም። ስለዚህ አንድ ቃል በጋፋት ጽሑፎች ውስጥ ባለመገኘቱ ብቻ «ጋፋት ይህ ቃል አልነበረውም» ማለት ስሕተት ነው። በአንጻሩም በትርጕሙ ውስጥ የተገኘ ቃል ሁሉ የዕለት ተዕለት ቃል ነበረ ማለት አይቻልም። ለጠፋ ቋንቋ መዝገብ የሚያዘጋጅ ሰው ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ ምንጩን፣ ማለትም ብሩስ፣ ቢክ ወይም ሌስላው መሆኑን፣ እንዲጽፍ የሚያስገድደው ይህ ነው።

5. ስለ ስያሜዎች

ከዚህ በላይ የተገለጸው ሁሉ በቃላት አመራረጥ ረገድ የሚከተሉትን ጉዳዮች ያስነሣል።

ሀ) ነገድ፣ ጎሣ፣ ብሔረሰብ። የጥንቶቹን ባልቶች በሚመለከቱ የውጭ ጽሑፎች ውስጥ የሚገኘውን ቃል ተርጓሚዎች አንዳንዴ «ጎሣ»፣ አንዳንዴ «ነገድ»፣ አንዳንዴም «ብሔረሰብ» ይሉታል። «ጎሣ» በትውልድ ሐረግ የሚቈጠር አነስተኛ ክፍልን ስለሚያመለክት ለፕሩሶች ይጠባል። «ብሔረሰብ» በዘመናችን የፖለቲካና የሕግ ትርጕም ያለው ቃል ስለ ሆነ ወደ 13ኛው ምእት ዓመት ቢወሰድ አንባቢን ያሳስታል። «ነገድ» ግን የራሱ ምድርና ስም ያለውን፣ ከሌሎች ጋር በዘር ወይም በቋንቋ የሚዛመደውን ሕዝብ ስለሚገልጽ፣ በመጽሐፍ ቅዱስም ስለ ተለመደ ለዚህ ጉዳይ ይሻላል።

ለ) ባልቲክ። ይህን ስም ለቋንቋዎቹ እ.ኤ.አ. በ1845 ያወጡት ጀርመናዊው ምሁር ኔሰልማን ናቸው። «የባልቲክ አገሮች» ሲባል ኤስቶንያ ትጨመራለች፤ «የባልቲክ ቋንቋዎች» ሲባል ግን ኤስቶንኛ አይጨመርም፤ እርሱ ከፊንላንድኛ ጋር የሚዛመድ የሌላ ቤተሰብ ቋንቋ ነውና። ተርጓሚው አንዱን በሌላው እንዳይተካ ይጠንቀቅ።

ሐ) ፕሩስና ፕሩስያ። መንግሥቱን «ፕሩስያ»፣ የመንግሥቱንም ሰው «ፕሩስያዊ»፤ ጥንታዊውን ነገድ ግን «ፕሩስ»፣ ቋንቋውን «ጥንታዊ ፕሩስኛ» ብሎ መለየት ይገባል። ያለዚህ ልዩነት፣ በ1260 በመስቀል ጦረኞች ላይ የተነሣው ሕዝብና በ19ኛው ምእት ዓመት ኤውሮፓን ያንቀጠቀጠው ሠራዊት አንድ ይመስላሉ።

መ) ሙት ቋንቋና የጠፋ ቋንቋ። ግዕዝ ማንም በእናቱ ጉልበት ላይ ሆኖ የማይማረው ቋንቋ ቢሆንም በቅዳሴ፣ በዜማና በቅኔ ዕለት ዕለት ይሠራበታል። ጋፋት ግን የሚናገረውም የሚጸልይበትም የለም። ሁለቱን በአንድ «ሙት» በሚል ቃል መጥራት ስለሚያደናግር፣ ለጋፋትና ለፕሩስ «የጠፋ ቋንቋ» የሚለው ቢለይ መልካም ነው።

ሠ) ጋፋት። ይህ ስም በመዝገበ ቃላት ውስጥ በሦስት ፍች ተለይቶ ሊገባ ይገባዋል፤ ለምሳሌ፤

ጋፋት፤ ስም። 1. ቀድሞ ከዓባይ በስተደቡብ፣ ኋላም በጎጃም ይኖር የነበረ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር የተዋሐደ ሕዝብ። 2. የዚህ ሕዝብ ቋንቋ፤ ከደቡብ የኢትዮጵያ ሴማውያን ቋንቋዎች አንዱ፤ የጠፋ፤ ጋፋትኛ። 3. በደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኝ ሥፍራ፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመድፍ መሥሪያ የነበረ።

ሦስተኛው ፍች በታሪክ መጻሕፍት የገነነው ነው። ኤውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ በጋፋት ከሠሯቸው መሣሪያዎች ዋነኛው፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በመጋቢት 1868 መቅደላ ደረሰ። በዚህም ምክንያት ዛሬ ጋፋት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መድፉን እንጂ ቋንቋውን አይደለም። ፕሩስ ሲባል የጀርመን ጦር እንደሚታሰብ ሁሉ ማለት ነው። የታሪክ ጽሑፍ የሚተረጕም ሰው «ጋፋት» የሚል ቃል ሲያጋጥመው፣ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ ከዘመኑና ከቦታው ሳያመሳክር እንዳያልፍ ይመከራል። የሥፍራው ስም ብቻውንም ቋንቋው በዚያ ይነገር እንደ ነበር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም።

6. ገና ያላለፈ ጉዳይ

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን ከደብረ ታቦር በስተሰሜን ምዕራብ፣ በጭልጋና በጎንደር አካባቢ፣ ተመሳሳይ ሂደት በዘመናችን እየተፈጸመ ነው። ቅማንትነይ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ ዘመዶቹ አውኚ፣ ኽምጣኛና ብሊን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 በተካሄደው የሕዝብ ቈጠራ 172,327 ሰዎች ቅማንት መሆናቸው ሲመዘገብ፣ ቋንቋውን አፍ የፈቱበት ግን 1,625 ብቻ ነበሩ። ዘለዓለም ልየው በ2003 ባሳተሙት ጥናት ቋንቋው በአማርኛ እየተተካ፣ በአረጋውያን ዘንድ ብቻ እየቀረ መሄዱን አስረድተዋል። ከእርሳቸው በፊት ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1912 ሰዋስውና ቃላት አሳትመዋል። ዴቪድ አፕልያርድም በ2006 የአገው ቋንቋዎችን ቃላት የሚያነጻጽር መዝገብ አዘጋጅተዋል። በዚህ ረገድ ቅማንትነይ ከጋፋት የተሻለ ዕድል አጋጥሞታል።

ጉዳዩ ለአማርኛ መዝገበ ቃላትም የቅርብ ነው። «ዓሣ»ና «ዶሮ»ን የመሳሰሉ በየቀኑ የምንናገራቸውን ቃላት ሊቃውንት ከአገው ቋንቋዎች ጋር ያዛምዷቸዋል። የአገው ቋንቋዎች ማስረጃ ባይኖር ኖሮ የእነዚህን ቃላት ምንጭ በከንቱ በሴማውያን ቋንቋዎች ውስጥ ስንፈልግ በኖርን ነበር። በሌላ በኩል ቅርጹ ከአማርኛው ጋር የሚመሳሰል፣ ፍቹ ግን የተለየ ቃል አለ። በቅማንት ዘንድ «ወምበር» የሃይማኖት አባት ማዕርግ ነው፤ የአማርኛው «ወምበር» ግን መቀመጫ ወይም ዳኛ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ያልመዘገበ መዝገበ ቃላት የአንድን ሕዝብ ሥርዓት አሳንሶ ያሳያል።

7. ማጠቃለያ

ከጋፋትና ከፕሩስ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስም ከቋንቋ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል፤ ስለዚህ ስሙ ስላለ ቋንቋው አለ፣ ወይም ስሙ የተገኘበት ቦታ ሁሉ ቋንቋው ይነገርበት ነበር ብሎ ማሰብ አይገባም። ሁለተኛ፣ ቃል ሰብሳቢ የተወው ቃል ኋላ የሚያነሣው አይገኝም። ብሩስ የፍቅር ቅኔ መረጡ፤ የእርሻው፣ የዳኝነቱና የቤት ውስጡ ቃል በሌላ እጅ እስኪሰበሰብ የቀሩት ተናጋሪዎች አራት ብቻ ሆነው ነበር። ዛሬ ቅማንትነይን ከሚያውቁ አረጋውያን ዘንድ ሄዶ ለመጠየቅ የሚነሣ ሰው፣ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በቅዱሳት መጻሕፍት ትርጕምም ሆነ በተለመዱት የቃላት ዝርዝሮች ውስጥ የማይገኘውን ነው። የሞፈሩን ክፍሎች፣ የእህሉን ዓይነቶች፣ የዘመድ መጠሪያዎችን፣ የጸሎቱንና የሥርዓቱን ቃላት፣ ሕፃን የሚባበልበትን ንግግር ይጠይቅ። ከእያንዳንዱም ቃል ጋር የተናገረውን ሰው ዕድሜ፣ ቦታውንና ቀኑን ይጻፍ። ለጋፋት ይህን የሚያደርግ ሰው በጊዜው አልተገኘም።